የበር ሚስማሩ ጉዳይ፦ በአንድ ልቦለድ እንግሊዝኛ መማር

ሄኖክ፦ እሺ፣ ጀምረናል። የዛሬው ርዕሳችን በቆየ ልቦለድ እንግሊዝኛ መማር ነው፤ ቃላቱንም ሰዋስውንም። ሦስት መጻሕፍት እናወዳድራለን፣ በቀን ስንት ገጽ፣ ስንት ቃል የሚለውንም እናያለን።

ማህሌት፦ ሦስቱ ጋ አንደርስም።

ሄኖክ፦ ገና ሳንጀምር?

ማህሌት፦ ገና ሳንጀምር። አንዱን በደንብ ካየን ይበቃናል። የቻርልስ ዲከንስን «ኤ ክሪስማስ ካሮል»። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 19፣ 1843 ነው የወጣው። እሱን የምመርጠው አጭር ስለሆነ ነው፤ 28,000 ቃል ገደማ፣ አምስት ምዕራፍ። ምዕራፍ እንኳን አይላቸውም፣ «ስቴቭ» ነው የሚላቸው። ኖታ የሚጻፍባቸው መስመሮች ማለት ነው፤ መጽሐፉን «ካሮል»፣ መዝሙር ብሎ ስለሰየመው።

ሄኖክ፦ ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው በጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው።

ማህሌት፦ ይጀምራል፣ አይጨርስም። 61 ምዕራፍ ነው፣ ወደ 120,000 ቃል የሚጠጋ። ከዚህኛው አራት እጥፍ ይበልጣል። ጀማሪን የሚጥለው ደግሞ የቃሉ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ገና ምዕራፍ 7 ላይ መሆኑ ነው።

ሄኖክ፦ ደህና። መጀመሪያው ላይ ምን ይላል?

ማህሌት፦ «ማርሊ ዋዝ ዴድ፦ ቱ ቢጊን ዊዝ።» ስድስት ቃል። አንድም ከባድ ቃል የለበትም። እስቲ በአማርኛ በለው።

ሄኖክ፦ «ሲጀመር፣ ማርሊ ሞቶ ነበር።»

ማህሌት፦ አሁን ያልከውን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው። መጽሐፉን ሳታይ።

ሄኖክ፦ «ማርሊ ሀድ ዳይድ...» አሃ።

ማህሌት፦ ይኸውልህ! ዲከንስ ያለው «ዋዝ ዴድ» ነው። «ሀድ ዳይድ» ድርጊት ነው፤ ሞተ፣ ነገሩ ተፈጸመ። «ዋዝ ዴድ» ሁኔታ ነው፤ ታሪኩ ሲከፈት ሰውዬው በሕይወት የለም። በአማርኛ ሁለቱንም «ሞቶ ነበር» ውስጥ እንከታቸዋለን። ስለዚህ ስንመለስ «ዳይድ» እና «ዴድ» ይምታቱብናል። «ሂ ዋዝ ዳይድ» የሚል ሰው የሚፈጠረው እዚች ጋ ነው።

ሄኖክ፦ ግን እኮ «ሙት ነበር» ይባላል።

ማህሌት፦ ስለ ሰው? «ማርሊ ሙት ነበር» ትላለህ?

ሄኖክ፦ «ሙት» የሚል ቃል አለን። «ሙት መሬት»፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ»...

ማህሌት፦ «ሙት ወቃሽ» ላይ ስም ነው፣ የሞተ ሰው ማለት ነው። «ሙት መሬት» ላይ ቅጽል ነው፣ እሱን እቀበልሃለሁ። «እገሌ ሙት ነው» ስትል ግን ስድብ ይመስላል፤ ፈዛዛ ነው እንደማለት።

ሄኖክ፦ ስድብም ቢሆን ይባላል።

ማህሌት፦ እሺ፣ ግማሹን ውሰድ። ዋናው ነገር ልምምዱ ነው። አንድ አንቀጽ ወደ አማርኛ ትመልሳለህ፣ ሁለት ቀን ታስቀምጠዋለህ፣ ከዚያ የራስህን አማርኛ ብቻ እያየህ እንግሊዝኛውን ትጽፋለህ። ሲያልቅ ከመጽሐፉ ጋር ጎን ለጎን ታስተያያለህ። ከ60 እስከ 80 ቃል ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ይሰለቻል። ስህተቱ የት እንደሚበዛ ወዲያው ታያለህ፤ «ኤ» እና «ዘ» ላይ፣ ከዚያ የጊዜ ግሶቹ ላይ። ሁለት ቀን የምታቆየው ደግሞ እንግሊዝኛው ከጆሮህ እንዲወጣ ነው። በዚያው ቀን ከመለስከው የምትለማመደው ሽምደዳ ነው።

ሄኖክ፦ ጥሩ፣ አሁን ወደ መርሃ ግብሩ...

ማህሌት፦ ቆይ፣ ሚስማሩስ?

ሄኖክ፦ የምን ሚስማር?

ማህሌት፦ ትንሽ ወረድ ብሎ «ኦልድ ማርሊ ዋዝ አዝ ዴድ አዝ ኤ ዶር ኔይል» ይላል። እንደ በር ሚስማር የሞተ።

ሄኖክ፦ ሚስማር ደግሞ መቼ ነፍስ ነበረው?

ማህሌት፦ ዲከንስም እሱን ነው የሚጠይቀው! ታሪኩን አቁሞ አንድ ሙሉ አንቀጽ በሚስማር ይከራከራል። የበር ሚስማር ምኑ እንዲህ የተለየ ሙት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔን ብትጠይቁኝ ከብረታ ብረት ሁሉ የሞተው የሬሳ ሣጥን ሚስማር ነው ይላል።

ሄኖክ፦ (እየሳቀ) ልክ ነው እኮ! የሬሳ ሣጥን ሚስማር ቢያንስ ከሙት ጋር ይቀበራል።

ማህሌት፦ ግን ወዲያው፣ አባባሉን እኔ አልነካውም፣ ከአባቶች የወረስነው ነው ብሎ ይተወዋል። ለቋንቋ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም። ፈሊጥ በሎጂክ አይስተካከልም። «ዴድ አዝ ኤ ኮፊን ኔይል» ብትል ይበልጥ ትርጉም ይሰጣል፤ ግን የሚያውቀው አባባል ስላልሆነ አንባቢው ይደናገራል። ስለዚህ ቃል የምታጠናበት ካርድ ላይ ስትጽፍ «ኔይል ማለት ሚስማር» ብለህ አትጽፍም። ሙሉውን ሐረግ ነው የምትጽፈው፣ ከነ«አዝ»ው፣ ከነ«ኤ»ው።

ሄኖክ፦ ለምን የበር እንደሆነ ግን ማብራሪያ የለውም?

ማህሌት፦ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ማብራሪያ አለ። ትልቅ በር ሲሠራ ሚስማሩ ሳንቃውን አልፎ በወዲያ በኩል ሲወጣ ጫፉን መትተው ይቆለምሙታል። የተቆለመመ ሚስማር ደግሞ ነቅለህ ድጋሚ አትጠቀምበትም።

ሄኖክ፦ አለቀለት። ሞተ።

ማህሌት፦ ሞተ ሳይሆን ሙት ነው። (ሳቅ)

ሄኖክ፦ አሃ! «ሙት ነው» አልሽ! ተቀድቷል!

ማህሌት፦ ሚስማር ነው እንጂ ሰው አይደለም፣ አይቆጠርም። ወደ ቁም ነገሩ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ስስታሙን ስክሩጅን ሲያስተዋውቀን የሚደረድራቸውን ቃላት አድምጥ፦ «ስኩዊዚንግ፣ ሬንቺንግ፣ ግራስፒንግ፣ ስክሬፒንግ፣ ክላቺንግ፣ ከቨተስ፣ ኦልድ ሲነር»። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ መዝገበ ቃላት ይከፍታል፣ ስድስት ቃል ይፈልጋል፣ ለስድስቱም «ስግብግብ» የሚል ነገር ይጽፋል፣ በማግስቱ ስድስቱንም ይረሳል።

ሄኖክ፦ ምን ማድረግ ነበረበት?

ማህሌት፦ እጁን ማየት። አምስቱ እጅ የሚሠራቸው ሥራዎች ናቸው። ስኩዊዝ፣ ሎሚ እንደምትጨምቀው። ሬንች፣ ጠምዝዘህ ስትነቅል። ግራስፕ፣ ጨብጠህ ስትይዝ። ስክሬፕ፣ ድስት ስትፍቅ። ክላች፣ ሊያስጥሉህ ሲታገሉህ ሙጭጭ አድርገህ ስትይዝ። በእጅህ እየሠራህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ከዚያ በፊት ባለው ዓረፍተ ነገር «ታይት ፊስትድ» ብሎታል፣ ጡጫው የማይፈታ። ጸሐፊው ጡጫውን አሳይቶህ ቀጥሎ ጡጫው የሚሠራውን ነው የሚዘረዝረው።

ሄኖክ፦ እኛም «ቋጣሪ» እንላለን። ያው የእጅ ሥራ ነው።

ማህሌት፦ በጣም! ቋጣሪ። እሱን ካርዱ ላይ ጻፈው። ሰዋስውም እዚያው አለ። አምስቱም በ«ኢንግ» ያለቁ ግሶች ናቸው፣ ግን ቅጽል ሆነው ስም ፊት ቆመዋል። በአማርኛ «የሚ» የምንለው ነው፤ የሚጨምቅ፣ የሚነቅል፣ የሚጨብጥ። በ«ኢድ» ሲሆን ደግሞ «የተ» ነው። «ቦሪንግ» የሚያሰለች፣ «ቦርድ» የተሰላቸ። ይህን ያልለየ ሰው ነው «አይ አም ቦሪንግ» የሚለው።

ሄኖክ፦ «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ።»

ማህሌት፦ ራሱን እያስተዋወቀ ነው እንግዲህ። (ሳቅ)

ሄኖክ፦ የድሮ መጽሐፍ ሲሆን ግን ትርጉማቸው የተለወጠ ቃላት አሉ። እነሱን መማር ጉዳት አይደለም ወይ? «ሻል» እያለ የሚያወራ ሰው ይሆናል።

ማህሌት፦ ከምትፈራው ያነሱ ናቸው፤ አደገኞቹ ደግሞ የማይታወቁት ቃላት አይደሉም፣ የምታውቃቸው የሚመስሉህ ናቸው። ለምሳሌ የስክሩጅ ጸሐፊ ቦብ ክራቺት ካፖርት የለውም፣ ነጭ «ኮምፈርተር» ነው የሚለብሰው። የዛሬ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ክፈት፣ ምን ይላል?

ሄኖክ፦ ወፍራም የአልጋ ልብስ።

ማህሌት፦ ስለዚህ ተማሪው ምን ያነባል? ቦብ ከሥራ ሲወጣ የአልጋ ልብስ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ከወገቡ በታች እየተንጠለጠለ፣ በረዶ ላይ 20 ጊዜ ሲንሸራተት!

ሄኖክ፦ (እየሳቀ) ሃያ ጊዜ ነው የሚለው?

ማህሌት፦ ሃያ ጊዜ። ቃሉ እዚያ የአንገት ሻርፕ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ስክሩጅ ቦብን «ስሞኪንግ ቢሾፕ» እየጠጣን እናወራለን ይለዋል።

ሄኖክ፦ የሚያጨስ ጳጳስ?

ማህሌት፦ የሚጠጣ ጳጳስ! ትኩስ ቀይ ወይን ነው፣ ብርቱካንና ቅመም የገባበት። «ስሞኪንግ» ያለው እንፋሎቱን ነው። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፦ የምታውቀው ቃል ዓረፍተ ነገሩን እብድ ካደረገው፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይሆን ቃሉን ጠርጥር። «ፎር»ም እንደዚያው ነው። «ለ» ብቻ የምትመስልህ ቃል በቆየ ጽሑፍ መሃል ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስከትላ ስትመጣ «ምክንያቱም» ነች። ቦብ ሻርፑን ጠመጠመ፣ «ፎር» ካፖርት አልነበረውም።

ሄኖክ፦ ሰዋስው ካነሳሽ «ዉድ»ን ሳንነካ እንዳንሄድ። ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው።

ማህሌት፦ «ዉድ» እኮ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነው፣ ማንም አይነግረውም እንጂ! «በየቀኑ ይመጣ ነበር» በል። ልማድ ነው። «ብትጠራው ይመጣ ነበር» በል። ይህ ደግሞ ያልሆነ ነገር ነው፤ አልጠራኸውም፣ አልመጣም። ሁለቱም «ይመጣ ነበር» ናቸው። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ሂ ዉድ ካም» ነው፣ ሁለተኛው «ሂ ዉድ ሀቭ ካም»። ሁለቱም ጋ «ዉድ» አለች።

ሄኖክ፦ ሁለተኛው ላይ ግን «ሀቭ» ተጨምሯል።

ማህሌት፦ ጉዳዩ አልፎ ያለቀ ስለሆነ። ገና ያላለፈ ከሆነ፣ ዛሬ ብትጠራው ይመጣል ለማለት፣ ያለ «ሀቭ» ነው። ልቦለድ ውስጥ «ዉድ» ስታይ መጀመሪያ «ኢፍ» አጠገቡ እንዳለ ፈልግ። ከሌለ «በየቀኑ»፣ «ሁልጊዜ» የሚል ቃል ጨምረህ ሞክረው። ከሄደ ልማድ ነው። ሦስተኛም አለ፤ ሰው ሲያስብ ወይም ሲናገር የተዘገበ፣ «ይመጣል ብሎ አሰበ» የሚለው። እሱ «ዊል» ነበር፣ ወደ ኃላፊ ጊዜ ተጎትቶ ነው «ዉድ» የሆነው።

ሄኖክ፦ አሁን ግን በናትሽ መርሃ ግብሩ። ሰዓቱ እያለቀ ነው።

ማህሌት፦ እሺ እሺ። በቀን 500 ቃል። ሁለት ገጽ ገደማ ነው። 28,000ን ለ500 ስታካፍል 56 ቀን ይመጣል። መጽሐፉ የቅጂ መብቱ ያለፈበት ስለሆነ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፣ በድምፅ የተነበበው ደግሞ ሊብሪቮክስ የሚባለው ላይ። መጀመሪያ ግን ራስህን ፈትን። 500 ቃል አንብበህ የማታውቃቸውን ቁጠር። 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ከመቶ 98ቱን ታውቃለህ፣ እንደልብህ አንብብ። እስከ 25 ከሆነ በመዝገበ ቃላት እየታገዝክ ትዘልቀዋለህ። 50 ከደረሰ ግን መጽሐፉን ዝጋው፤ ቀለል ተደርጎ የተጻፈውን እትም ፈልግ። በየአሥር ቃሉ የሚደናቀፍ ሰው እያነበበ አይደለም።

ሄኖክ፦ ማንበቡስ እንዴት ነው?

ማህሌት፦ አንደኛው ዙር ሳትቆም፣ እርሳስ ይዘህ፣ ማስመር ብቻ። ሁለተኛው ዙር ካሰመርካቸው አምስት ብቻ መርጠህ ትፈልጋለህ። የምትመርጠው ዓረፍተ ነገሩን የዘጋብህን፣ ወይም ሁለቴና ሦስቴ የተመላለሰብህን ነው። አንድ ልቦለድ ውስጥ ካሉት የተለያዩ ቃላት ግማሽ ገደማው አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብለው የሚጠፉ ናቸው፤ እነሱን ማሳደድ ድካም ነው። ሦስተኛው ዙር እየሰማህ።

ሄኖክ፦ አምስት በ56 ቀን፣ 280 ቃል። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን በፈረንጆቹ 2006 ባወጣው ጥናት ልቦለድ ያለ እገዛ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ፣ ማለትም አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ እንደ አንድ ተቆጥሮ፣ ያስፈልጋል ነው ያለው። 280 ምን ሊሆን? በቀን 20 ቢሆን...

ማህሌት፦ በቀን 20 ካደረግከው አራተኛው ቀን ላይ ካርዱ 80 ይደርስና መጽሐፉን ትተህ ካርድ ታነባለህ።

ሄኖክ፦ 10ስ?

ማህሌት፦ ለጎበዝ፣ 10። ከዚያ በላይ አልሄድም። ደግሞ ከ8,000ው አብዛኛውን የምታገኘው በካርድ አይደለም፣ ብዙ በማንበብ ነው። ካርዱ ለተመረጠው ነው።

ሄኖክ፦ በ10 ተስማማን ማለት ነው?

ማህሌት፦ በሰባት።

ሄኖክ፦ የቀሩት ሁለት መጻሕፍትስ? «ትሬዠር አይላንድ» ነበር፣ «ዘ ታይም ማሺን» ነበር...

ማህሌት፦ ለዛሬ ሞተዋል።

ሄኖክ፦ «ሀድ ዳይድ» ወይስ «ዋዝ ዴድ»?

ማህሌት፦ እንደ በር ሚስማር።

ሄኖክ፦ እኔ አሁንም የሬሳ ሣጥኑ ነው ባይ ነኝ።