ሳይመጣ እንየው፦ ደሴ ላይ ለኮምፒውተር ጥገና ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር

እንዴት ዋላችሁ? ሰላም ለሁላችሁም። አሰላሙ አለይኩም።

አስተማሪዎቻችሁ "መጥተህ ስለ ሙያው ትንሽ አጫውትልን" ሲሉኝ ምን እንደምናገር ብዙ ቀን አሰብኩ። ርዕሱን የሰጠኝ ግን ከእናንተው አንዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጣና "ጋሼ፣ የአዲሱ ዊንዶው ፕሪቪው ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ። ልጫነው?" አለኝ። ፕሪቪው ማለት ለሕዝብ በይፋ ሳይወጣ ለሙከራ የሚሰጥ ቅጂ ነው። "ምኑን ልታይበት?" አልኩት። "መልኩን" አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ጥገና የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. ነው። ዊንዶው ቪስታ ለሕዝብ የወጣበት ዓመት ነው፤ ጥር 22 ቀን። ያን ጊዜ ስለ ቪስታ የምናወራው ስለ መስኮቶቹ ነበር፤ እንደ መስታወት ያሳያሉ፣ ያብረቀርቃሉ እያልን። ለእኛ ደግሞ ሌላም ደስታ ነበረው። ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶው ጋር አብሮ የመጣው በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት የደንበኛ ኮምፒውተር ፎርማት ባደረግን ቁጥር የአማርኛ ፎንት በዲስክ ይዘን እንሄድ ነበር። ፊደላችን ከሳጥኑ ውስጥ ራሱ ሲወጣ ሳይ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በዚያው ሳጥን ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። እሱን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ዛሬ የመጣሁት እናንተ እንዳትዘገዩ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቪስታ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክሮሶፍት ፓላዲየም የሚባል ውጥን እንዳለው ታወቀ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ቁልፍ የሚይዝ ቺፕ ይኖራል፤ የትኛው ፕሮግራም የታመነ እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ የሚረጋገጠው በእሱ ነው። ለደኅንነት ነው ተባለ። ደኅንነቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሮስ አንደርሰንና ሌሎችም "ታማኝነቱ ለማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ኮምፒውተሩ የሚታመነው ለገዛው ሰው ነው ወይስ ፊልምና ዘፈን ለሚሸጠው ድርጅት? እ.ኤ.አ. በ2003 የቪስታ የመጀመሪያ ቅርጽ፣ ያኔ ሎንግሆርን ይባል ነበር፣ ለባለሙያዎች ሲታይ ይህ ጥያቄ አብሮት ነበር።

ቪስታ ሲደርስ ከውጥኑ ብዙው ቀርቶ ነበር። የቪዲዮ ጥበቃው ግን ገባ። ሥራውን በቀላሉ ላስረዳችሁ። ባለ ከፍተኛ ጥራት ፊልም ከዲስኩ ተነሥቶ ስክሪኑ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ጠባቂ ቆመ። ድራይቨሩ፣ ዕቃውን ከዊንዶው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ይጠየቃል። ቪዲዮ ካርዱ ይጠየቃል። ሞኒተሩም ይጠየቃል። አንዱ "አላውቀውም" ከተባለ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ወይ ጭራሽ አይወጣም። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ጉትማን ቪስታ ለሕዝብ ሳይወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ፣ የዚህን ጥበቃ ዋጋ የሚያሰላ ጽሑፍ አወጣ። ወጪው ፊልም ለማያይ ሰው ሁሉ ይተርፋል አለ፤ በካርድ ዋጋ፣ በፍጥነት፣ በብልሽት። ማይክሮሶፍትም መለሰ፦ ጥበቃው የሚሠራው ፊልሙ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው አለ። ሁለቱንም አንብቡ። እኔ ጉትማን አንዳንድ ቦታ አክብዶታል ባይ ነኝ፤ ዋናው ጥያቄው ግን ልክ ነበር።

ደግሞ ይህን ስሙ። ቪስታ ለሕዝብ ሊወጣ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ኤችዲ ዲቪዲ የሚባሉት የባለ ከፍተኛ ጥራት ፊልም ዲስኮች ጥበቃ ተሰብሮ ነበር። መቅዳት የፈለገ ቀዳ። ጠባቂዎቹ ግን ከዲስኩ እስከ ስክሪኑ እንደቆሙ ቀሩ። ማንን ሲጠብቁ? ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን።

ይህ ሩቅ አገር የሆነ ተረት እንዳይመስላችሁ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄን ላንሣ። የሠርግ ቪዲዮ ይሠራል። እጁ ንጹሕ ነው፤ በክራክ፣ መቆለፊያው ተሰብሮ ሳይከፈልበት በሚጫን ፕሮግራም፣ መሥራት ሰለቸኝ ብሎ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙን ገዛ። ካርድ ስለሌለው ውጭ አገር ያለች እህቱ ናት የከፈለችለት። ፕሮግራሙ በየጊዜው ወደ ኢንተርኔት ወጥቶ "ተከፍሎልኛል ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ወራት ፈጀ። ታስታውሱታላችሁ። አንድ ጠዋት ወዳጄ ላፕቶፑን ሲከፍት ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። መሃል ላይ አንዲት ሣጥን፦ "ኢንተርኔት ያገናኙና እንደገና ይሞክሩ።" ያለው ቁልፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ "እንደገና ሞክር" የሚለው። ሠርጉ አልቋል። ሙሽሪት ባሏን ተከትላ ልትሄድ ነው። እናትየው በየቀኑ ትደውላለች።

ምን አደረገ? ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሰኞ ነበር፤ የባቲ ገበያ ቀን። ፍየል የሚሸጡ፣ ጨው የሚገዙ ሰዎች መሃል ተጠጋግቶ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አቅፎ ባቲን አለፈና አፋር ወዳለችው ሚሌ ወረደ። እዚያ ኔት አገኘ። ሣጥኗ ጠፋች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ተመለሰ።

ከእሱ ሱቅ ሦስት በር ወረድ ብሎ በክራክ የሚሠራው ልጅ አንድም ቀን ሥራ አልቆመበትም። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ አልተናደደም። "ስገዛው የኔ መስሎኝ ነበር" ብቻ ነው ያለኝ። ይህ አነጋገሩ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

አንድ ሰው "ታዲያ ክራኩ ይሻላል ልትለን ነው?" ሊለኝ ይችላል። በፍጹም። ክራክ ስትጭኑ መጀመሪያ የሚላችሁ ምንድን ነው? "አንቲቫይረሱን አጥፋ።" በራችሁን ክፈቱና ለማታውቁት ሰው ቤቱን ልቀቁለት ማለት ነው። ፋይላቸው በሙሉ ተቆልፎ፣ የፎቶዎቹ ስም ሁሉ ተቀይሮ፣ ዶላር ክፈሉ የሚል ወረቀት ዴስክቶፓቸው ላይ ተቀምጦላቸው እያለቀሱ የመጡ ሰዎች አሉኝ። ብዙዎቹን መርዳት አልቻልኩም።

ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰትና እንደ ሙዚቃ የሥራ ውጤት አድርጎ ይጠብቀዋል። ከሕጉ በላይ ግን እኛ ወሎዎች ነን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ በሚባሉባት ምድር ተወልደን የዘፋኝ ላብ ምን እንደሆነ ሌላ ሰው ሊነግረን አይገባም። በየሱቁ በአሥር ብር ሚሞሪ ሙሉ ዘፈን ሲጫን ያ ዘፋኝ ምን በላ? እኔም ጭኜ አውቃለሁ። ትቼዋለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

እንግዲህ ፈጣሪን የሚጠብቅ ነገር ያስፈልጋል። ጭቅጭቁ ምን ዓይነት ጥበቃ በሚለው ላይ ነው። እኛ ዘንድ የቆየ ጥበቃ አለ። ከዚህ ወደ ወልድያ ስትወጡ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳም ነበር፤ የመጻሕፍት ቤት ነበር። በብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ወይ መጀመሪያ ላይ ጸሐፊው የሚያኖራት ቃል አለች፦ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን።" የሰረቀው፣ የፋቀው፣ የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ልብ በሉ። መስረቅ ተወገዘ። የጸሐፊውን ቃል መፋቅ ተወገዘ። "የገለበጠው" አይልም። ሊልም አይችልም፤ መጽሐፉ ራሱ ከሌላ የተገለበጠ ነው። ተማሪ በክረምት እየቀለመ፣ ዓይኑ እየፈሰሰ ባይገለብጥ ኖሮ ምን ይደርሰን ነበር? በሸሆቹም ቤት እንዲሁ ነው። በዐጀሚ፣ በዐረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ፣ የተጻፈው መንዙማ ከእጅ ወደ እጅ ተገልብጦ፣ በኋላም በካሴት ከቤት ወደ ቤት ተቀድቶ ነው እናቶቻችን በቃላቸው የያዙት።

ዛሬ ያን መንዙማ የሚይዘው ፋይል ነው። ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ እንደ ዊንዶው ያለው፣ ነው። የመጨረሻው እምቢ ካለ የፊተኞቹ ሁሉ የሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮሶፍት የኢ-መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል፤ ይህን መናገር አለብኝ። መጽሐፉ ግን ከመደርደሪያ ተነሣ። ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ መጽሐፍ ጻፍ ብሎ የከፈለ ሰው አንድ ጠዋት ባዶ ብራና ቢያገኝ፣ ምን ይባል ነበር?

እና ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ፕሪቪውን ልጫነው ወይ?

ጫነው። በራስህ፣ በተረፈ ማሽን ላይ። በደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ግን እንዳታደርገው። የሙከራ ቅጂ ቀኑ የተቆረጠ ነው። የዊንዶው 7 የመጨረሻ ሙከራ ያበቃው ሰኔ 1 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከመጋቢት ጀምሮ ግን በየሁለት ሰዓቱ ራሱን ያጠፋ ነበር። ጽሑፍ እየሠራህ ድርግም።

ስትጭነው ደግሞ መልኩን አይተህ አታቁም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የዊንዶው 11 ቅጂ ከይፋዊው ቀን በፊት ሾልኮ ሲወጣ ሁሉም ያወራው ስታርት የሚለው ቁልፍ ወደ መሃል ስለመምጣቱ ነበር። ከቀናት በኋላ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን ቺፕ እንደሚፈልግ ተነገረ። ያ ከ20 ዓመት በፊት ስሙ የተነሣው ዓይነት ቺፕ ነው። ደሴ ውስጥ ካሉት ማሽኖች ስንቱ ነው ያለው? ቆጥሬ አላውቅም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጡት ግን ብዙዎቹ አያልፉም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶው 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ ደህና የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ታቅፈው "ልጣለው ወይ?" ብለው የመጡ አስተማሪዎች ነበሩ።

ሳይመጣ እንየው የምለው ለዚህ ነው። ሙከራ ላይ ያለ ነገር ይለወጣል። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሪኮል የሚባል ነገር ቀረበ፤ በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪናችሁን ፎቶ እያነሣ የሚያስቀምጥ። የደኅንነት ባለሙያዎች በቅድሚያው ቅጂ ገብተው ድክመቱን አሳዩ። በወሩ ውስጥ ማይክሮሶፍት፣ ሰው ራሱ ካልፈቀደ አይበራም አለ፤ መውጫ ጊዜውንም አራዘመ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ የሰዎችን ወሬ ከሪኮል ለመሸሸግ ምን ተጠቀመ መሰላችሁ? ፊልም እንዳይቀዳ የተሠራውን ያንኑ ጥበቃ። ያው ቁልፍ ነው። ቤቱን የሚኖርበት ሰው ሲይዘው ሌላ ሆነ።

ስለዚህ ፕሪቪው ስትከፍቱ እንዲህ ሞክሩት። ዋይፋዩን አጥፉና ስንት ቀን ይሠራል? ያለ አካውንት ያስገባል? የራሳችሁን ቪዲዮ በአሮጌ ሞኒተር ያሳያል? ሃርድ ዲስኩን ቢቆልፍ የመክፈቻው ቁጥር ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? በአማርኛ ጻፉ፤ "ኧ" እና "ቿ" ይወጣሉ? ያልሠራውን ደግሞ እዚያው ውስጥ ባለው የአስተያየት መስጫ ጻፉ። የደሴ ልጅ አስተያየት ማን ይሰማዋል አትበሉ። ኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የወዳጄን የባቲ መንገድ የሚጽፍላቸው ሰው ከሌለ ደግሞ ሊያውቁት አይችሉም።

ሌላም መንገድ አለ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ላፕቶፕ ዊንዶው 11 አልቀበልም ያለው ነው። ራሙ 4 ጂቢ ነው። በዚህ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፤ መቅዳት የተፈቀደ፣ ለጎረቤት መስጠት የተፈቀደ፣ አክቲቬት አድርጉኝ የማይል። ለሁሉም ይሆናል አልላችሁም፤ ወዳጄ የሚሠራበት ፕሮግራም ለምሳሌ አይሄድበትም። ለደብዳቤ፣ ለፈተና፣ ለመንዙማው ፋይል ግን ይበቃል።

ኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ። አንድ ልጅ ይምጣና ፍላሹን ይሰካልኝ። ዋይፋዩን አጥፍተን ነው የምንጀምረው።