የውድነሽ ስለት

የጥበብ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ይህ ቤት ሀገር ፍቅር ይባላል። በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ጣሊያን ሊወርረን እየተሰናዳ ነበር፤ የተቋቋመውም ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለመቀስቀስ ነው። በዚያ ጦርነት ከዘመቱት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ። ተማርከው ጣሊያን አገር ለዓመታት ታሰሩ። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙልን ልብ ወለድ ግን የጦር ሜዳ ታሪክ አልነበረም፤ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ስለ ፍቅርና ስለ እምነት እንድናገር ስትጋብዙኝ ሐሳቤ ከዚህ መጽሐፍ አልወጣ አለ።

መጀመሪያ ያነበብኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ያኔ ጠላቴ ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ። የዘር ኩራታቸው ባይኖር በዛብህና ልጃቸው ሰብለ ወንጌል አብረው በኖሩ ነበር እያልኩ ተንገበገብኩ። ያንን ኩራት የሚነቅፈውን ጉዱ ካሳን የመሰለ ሰው በሰፈራችን ቢኖር ብዬም ተመኘሁ። የበዛብህን እናት፣ ውድነሽ በጣሙን ግን ቶሎ አለፍኳት። ወደ ፍቅሩ ለመድረስ ቸኩዬ ነበር።

ልጅ ከወለድኩ በኋላ መልሼ ሳነበው ከውድነሽ ማለፍ አቃተኝ። አንድ ልጇ ሞት ሲያንዣብብበት፣ ሳያገባ እንዲያገለግል ለቤተ ክርስቲያን ተሳለችው። ልጁ ዳነ። ስለቱ ግን አድጎም አልለቀቀውም፤ ሰብለን በወደደ ጊዜ ከፊቱ የቆመው የፊታውራሪ ቁጣ ብቻ አልነበረም፣ የእናቱ ቃልም ነበር። ሐዲስ እዚህ ላይ አይፈርዱም። እናቲቱን አላዋቂ፣ እምነቷንም ክፉ አላደረጉም። ልጇን ያሰረችበት ገመድ ከገዛ አንጀቷ የተፈተለ ነው። እንግዲህ ማንን እንወቅስ?

እኔም የስለት ልጅ ነኝ። በሕፃንነቴ በኩፍኝ ስታመም እናቴ ለአራዳ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳለች፤ ከዚህ በእግር ሩቅ አይደለም። እጄን ይዛ ስታስገባ ትዝ ይለኛል። ለጃንጥላው ስንት ወር እንዳጠራቀመች የሰማሁት ግን ካረፈች በኋላ፣ ከአክስቴ አፍ ነው። እኔን ራሴን ብትሳል ኖሮስ? ያን ሌሊት የተጠየቀችውን ሁሉ ትሰጥ እንደነበር አውቃለሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያየኋቸው ትልልቅ ሥዕሎችም እዚያው ያሉት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ናቸው። እናቴ ስትሰግድ እኔ አንጋጥጬ ቀለሙን አይ ነበር። እምነትና ጥበብ በእኔ ልብ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ተለያይተው አያውቁም።

ስለ መጽሐፉ ፍጻሜ አንድ ነገር ልጨምር። በዛብህ ይሞታል፤ ሰብለ ወንጌል ትመነኩሳለች። ውድነሽ ለልጇ የተሳለችውን ሕይወት በመጨረሻ የኖረችው ያቺ ስለቱን ያፈረሰችው ልጅ ናት። ይህን ሳስተውል መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ብዙዎቻችሁ ታሪኩን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምታችሁታል። ዛሬ የምታነብልን ወጣት ተዋናይ የመረጠችው የውድነሽን ክፍል ነው። መድረኩን ለእሷ እለቃለሁ።