ማዕረግና መትረፍ፦ የካይ-ስኩዌር ፍተሻ በታይታኒክ መዝገብ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ማን ተረፈ፣ ማንስ ሞተ የሚለው መዝገብ በስታቲስቲክስ ትምህርት ዛሬም ይሠራበታል። ዘወትር የሚጠቀሰው ሠንጠረዥ 2201 ሰዎችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነርሱ 711 ተርፈዋል፣ 1490 ሞተዋል። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ሰዎቹ የነበሩበት ማዕረግ ከመትረፋቸው ጋር ዝምድና ነበረውን? ማዕረግም ሆነ መትረፍ በምድብ የሚቆጠሩ እንጂ የሚለኩ ስላልሆኑ፣ ለዚህ የሚያገለግለን እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን በ1900 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የካይ-ስኩዌር ፍተሻ ነው።

[በስክሪኑ ላይ ሠንጠረዡ ይታያል፦ አንደኛ ማዕረግ 203 ተረፉ፣ 122 ሞቱ፤ ሁለተኛ ማዕረግ 118 ተረፉ፣ 167 ሞቱ፤ ሦስተኛ ማዕረግ 178 ተረፉ፣ 528 ሞቱ፤ የመርከቧ ሠራተኞች 212 ተረፉ፣ 673 ሞቱ።]

ፍተሻው የሚነሣው ዝምድና የለም ከሚል ግምት ነው። በጠቅላላው የተረፉት ከመቶ 32.3 እጅ ስለሆኑ፣ ማዕረግ ለውጥ ባያመጣ ኖሮ ከየምድቡም ይኸው እጅ ያህል በተረፈ ነበር። በአንደኛ ማዕረግ ከነበሩት 325 ሰዎች እንግዲህ 105 ያህል እንዲተርፉ እንጠብቃለን፤ የተረፉት ግን 203 ናቸው። የሚጠበቀውን ቁጥር ለማግኘት የረድፉን ድምር በዓምዱ ድምር አባዝቶ ለጠቅላላው ማካፈል ይበቃል፦ 325 በ711 ተባዝቶ ለ2201 ይካፈላል። ብዙ ተማሪዎች ቀመሩን ሸምድደው ይህን እርምጃ ሳያስተውሉት ያልፋሉ፤ የፍተሻው ትርጉም ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ካይ-ስኩዌር የሚለካው የታየው ቆጠራ ዝምድና ባይኖር ይታይ ከነበረው ምን ያህል እንደራቀ ነውና።

በእያንዳንዱ ሳጥን ከታየው ቁጥር የሚጠበቀውን እንቀንሳለን፤ ልዩነቱን በራሱ አባዝተን ለሚጠበቀው እናካፍላለን። የምናካፍለውም የ98 ሰዎች ልዩነት 105 በሚጠበቅበት ሳጥን ከባድ፣ 600 በሚጠበቅበት ግን ቀለል ያለ ስለሆነ ነው። ከአንደኛ ማዕረግ የተረፉት ሰዎች ሳጥን ብቻውን 91.5 ይሰጣል፤ ስምንቱም ሲደመሩ 190.4 ይሆናሉ።

[በስክሪኑ ላይ፦ 190.4]

ይህ ቁጥር ትልቅ መሆኑን የምናውቀው በነጻነት ደረጃ፣ ማለትም ድምሮቹ ሳይለወጡ በነጻነት ሊሞሉ በሚችሉት ሳጥኖች ብዛት ነው። የረድፍና የዓምድ ድምሮች ከታወቁ፣ ከአንዱ ዓምድ ሦስት ሳጥኖች ሲሞሉ የቀሩት በራሳቸው ስለሚሞሉ፣ የነጻነት ደረጃው 3 ነው። ፒርሰን ራሱ በዚህ ቆጠራ ተሳስቶ ነበር፤ ያስተካከለው በ1922 እ.ኤ.አ. ሌላው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው። በ3 የነጻነት ደረጃ፣ በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን (ዝምድና ሳይኖር አለ ብለን የመሳሳት ዕድላችን ከመቶ 5 ሲሆን)፣ ግምቱን ለመጣል ውጤቱ ሊያልፈው የሚገባው መለያ 7.815 ነው፤ 190.4 ከዚህ እጅግ ስለሚርቅ ዝምድና የለም የሚለው ግምት ይወድቃል።

ዝምድናው ከምን እንደመጣ ግን ካይ-ስኩዌር አይነግረንም። ከ885ቱ ሠራተኞች ሴቶቹ 23 ብቻ ነበሩ፤ ለጀልባ ቅድሚያ የተሰጠው ደግሞ ለሴቶችና ለሕፃናት ነበር። ስለዚህ ማዕረግ የመሰለን ነገር በከፊል ጾታ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ሴቶቹን ብቻ ወስደን ፍተሻውን እንድገመው። ከአንደኛ ማዕረግ 145 ሴቶች 141 ተርፈዋል፤ ከሦስተኛ ማዕረግ 196 ሴቶች የተረፉት 90 ናቸው። በዚህ ሠንጠረዥ ትንሹ የሚጠበቅ ቁጥር 6 ያህል፣ ማለትም በተለምዶ ከሚፈለገው ከ5 በላይ ስለሆነ ውጤቱ የሚታመን ነው፤ ካይ-ስኩዌሩም በዚያው በ3 የነጻነት ደረጃ 130.7 ይደርሳል። ይህም ከ7.815 እጅግ ስለሚበልጥ፣ በሴቶቹ መካከል እንኳ ማዕረግ ከመትረፍ ጋር ዝምድና ነበረው።