አንድ የቤት ቁጥር፣ አምስት በር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፣ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናብ አለ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ሰሞኑን አንድ አድማጭ በድምፅ መልእክት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «እህቴ፣ ፖሊስ የፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ ይዞ ከመጣ ያው አለቀ አይደል? ዳኛ ፈርሞበታል፣ ማህተም አለው። ከዚያ በኋላ ችሎት ቀርቤ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» አጭር መልስ ልጽፍለት ጀመርኩና ተውኩት። ይቺው ጥያቄ ጥብቅና በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ችሎት ላይ አፌን አስይዛኛለች። እስከ ዛሬም ከውስጤ አልወጣችም።

ደንበኛዬ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ እናት ነበሩ። ስማቸውን አልናገርም፤ ያኔም እትዬ ነበር የምላቸው፣ ዛሬም እትዬ ልበላቸው። የሚኖሩት ተከራይተው ነው። ግቢው እንደምታውቁት ዓይነት ግቢ ነው፦ ከፊት የአከራዩ ዋና ቤት፣ ከኋላ በተርታ አራት ሰርቪስ ክፍሎች። አምስት በር፣ አምስት ቤተሰብ። የቤት ቁጥሩ ግን አንድ ነው፤ የውጭ በሩ ላይ የተመታች አንዲት ሰማያዊ ቆርቆሮ።

አንድ ምሽት ፖሊሶች መጡ። የአከራዩ ልጅ በስልክ ስርቆት ተጠርጥሯል። ማዘዣው ላይ የአባቱ ስም አለ፣ የቤት ቁጥሩ አለ፣ የሚፈለገው ነገር «የተሰረቁ ሞባይል ስልኮች» ይላል። ዋናውን ቤት ፈተሹ፣ ምንም አልተገኘም። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሩና ክፍሎቹን ተራ በተራ ያስከፍቱ ጀመር። እትዬ ክፍል ሲደርሱ ከፍራሹ ስር አንድ ስልክ አገኙ። ልጁ 1,500 ብር ተበድሯቸው በመያዣነት የሰጣቸው ስልክ ነው። ቀጥለው ደግሞ ከጤፉ ማዳበሪያ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ 18,400 ብር አገኙ። በዚያው ሳምንት የወጣላቸው የእቁብ ብር ነበር። ስልኩም ብሩም ኤግዚቢት ተብሎ ሄደ፣ እትዬም አብረው ሄዱ። የተከሰሱት የተሰረቀ ዕቃ በመሸሸግ ነው።

ማዘዣው እጄ የገባው ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቄ ነው። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከሱ ጋር የተያያዘችው የተያዙ ዕቃዎች ዝርዝር ከደብተር የተገነጠለች አንዲት ሉክ ናት፣ መስመሯ እንኳ አልጠፋም። ታች በኩል ሰዓቱ ተጽፏል፤ ከምሽቱ 2፡40። ከሰዓቱ አጠገብ ሐምራዊ የጣት አሻራ አለ። የግቢው ዘበኛ አሻራ ነው፣ ገለልተኛ ታዛቢ ተብለው። ሄጄ አነጋገርኳቸው። «አባባ፣ ሲፈርሙ ዝርዝሩ ተነቦልዎት ነበር?» አልኳቸው። «ጣትህን አምጣ አሉኝ፣ ሰጠሁ» አሉኝ።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀቶቹንና ሕጉን ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኩ። ያኔ እጃችን ላይ የነበረው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 32 ያለ ማዘዣ ቤት አይበረበርም ይላል። ሁለት በር ብቻ ክፍት ይተዋል፤ ወንጀለኛ እግር በእግር ሲከተሉት ቤት ከገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው ማዘዣ እስኪወጣ ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ከታመነ። አንቀጽ 33 ደግሞ ስለ ማዘዣው ራሱ ነው። የሚፈለገው ዕቃ ተለይቶ ይጻፍ፣ ከተጻፈው ውጭ ፖሊስ አይያዝ፣ የተያዘው ይዘርዘር፣ በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው አረጋግጦ ይፈርምበት ይላል። ሰዓትም አለው። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው።

እና የእትዬን ወረቀት ስመለከት፣ ማዘዣው በማታ አይልም፣ የተበረበረው ግን ከምሽቱ 2፡40 ነው። ማዘዣው ስልክ ይላል፣ የተወሰደው ገንዘብ ጭምር ነው። ማዘዣው ያነሳው የአከራዩን ስም ነው፣ የተከፈተው የተከራይዋ በር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ መኖሪያ ቤትን ከብርበራ፣ በሰው «የግል ይዞታ» ያለውን ንብረት ደግሞ ከመያዝ ይጠብቃል። ባለቤትነት አላለም፣ ይዞታ ነው ያለው። ተከራይም ለተከራያት ክፍል ባለ ይዞታ ነው። አልዋሻችሁም፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከደስታ ብዛት። ጉዳዩን የጨረስኩት መስሎኝ ነበር።

ችሎት ቀረብኩ። ነጥቦቼን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት ክሱን በሚቃወሙበት መንገድ፣ አቀረብኩ። ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው መቃወሚያዎች ውስጥ ብርበራ የሚባል የለም አለ። እውነቱን ነው፣ የለም። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና «ጠበቃ፣ ስልኩ ከደንበኛዎ ክፍል ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም?» አሉኝ።

«ተገኝቷል፣ የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ነገር ግን…»

«ተገኝቷል። ይመዝገብ።»

«ነገር ግን» ካልኩት በኋላ ያለው እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥያቄያቸውም የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ዕቃው ከተገኘ በምን ሰዓት፣ በየትኛው በር የሚለው ምን ያደርጋል? ስልኩ የተሰረቀበት ሰውም እኮ ሰው ነው።

ይሄን ጥያቄ ብዙ አገር ጠይቆታል። አሜሪካ ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሜይ 23 ቀን 1957፣ ክሊቭላንድ ከተማ ዶልሪ ማፕ የምትባል ጥቁር ሴት ቤት ፖሊሶች ሄዱ። የሚፈልጉት በቦምብ ፍንዳታ የተጠረጠረ ሰው ነው። ጠበቃዋ ጋ ደወለችና ማዘዣ ከሌላችሁ አትገቡም አለቻቸው። ከሰዓታት በኋላ ተጨማሪ ፖሊስ መጣና በሩን ሰብረው ገቡ። ማዘዣውስ ስትል አንዱ አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያት። ነጥቃ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ታግለው ቀሟት፣ በካቴና አሰሯት። ቤቱን ሲበረብሩ ጸያፍ የተባሉ መጻሕፍት አገኙና በዚያ ተከሰሰች፣ ተፈረደባት። ያ ወረቀት ግን ችሎት ላይ አንድም ቀን ማዘዣ ሆኖ አልቀረበም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና በጁን 19 ቀን 1961 በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤትም ተቀባይነት የለውም ተባለ።

ቀኑን ወደ እኛ መልሱት፤ ሰኔ 12 ቀን 1953 ይሆናል። የኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1954 ነው። አምስት ወር እንኳ አይራራቁም። እነሱ ሕጉ ሲጣስ ማስረጃው ምን እንደሚሆን ተናገሩ። የኛ ሕግ ሰዓቱን፣ ዝርዝሩን፣ ታዛቢውን አሳምሮ ጽፎ፣ ፖሊስ ይህን ሳያከብር ያገኘው ዕቃ ምን ይሁን የሚለው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። አንቀጽ 26 ላይ ግን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልጨመረም። እኔ የቆምኩት እዚያ ዝምታ ውስጥ ነበር።

እነሱም ቢሆኑ ነገሩን ዘግተው አልተኙም። በነሱ አቆጣጠር በ1978 ተከሳሹ ፖሊሱ ማዘዣውን ለማግኘት ሆን ብሎ በመሐላ ዋሽቷል ብሎ በበቂ ካሳየ፣ ፍርድ ቤት ያን ለብቻው ይመርምርለት ተባለ። በ1984 ደግሞ ፖሊሱ የዳኛን ፊርማ በቅንነት አምኖ ከሠራ፣ ማዘዣው ኋላ ጉድለት ቢገኝበትም ማስረጃው አይውደቅ ተባለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ ጠበቃችሁ ስለነዚህ ሁለቱ ሲያወራ ብትሰሙ እንግዳ አይሁንባችሁ።

ለዳኛው ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ግን ከእናቴ ነው። ያን ሰሞን አኩርፌ እራት ላይ ነገሩን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ስለ 69 አሰሳ፣ ስለ ደርግ ዘመኑ የቤት ለቤት ፍተሻ፣ ጀመረች። መጋቢት 1969፣ እሷ ተማሪ ናት። ቀበሌና አብዮት ጠባቂ ቤት ለቤት እየዞረ መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ማባዣ ማሽን ይፈልጋል። ማንም ማዘዣ አያሳይም፣ ማንም አይጠይቅም። አያቴ ተራቸው ከመድረሱ በፊት የልጆቿን መጻሕፍት ሰብስባ ምጣድ ስር ማገደቻቸው። የኬሚስትሪውም፣ የታሪኩም፣ ሌላውም፤ የቱ እንደሚያስገድል ለይታ አታውቅማ። «የዚያን ቀን እንጀራ የጋገርነው በመጽሐፍ ነው» አለችኝ እናቴ። መጡ፣ ፈተሹ፣ ምንም አላገኙም፣ ሄዱ። «ምንም አልተገኘብንም» አለች፣ «ግን ቤቱ ከዚያ በኋላ የኛ አልመሰለኝም።»

ያኔ ገባኝ። የዳኛው ጥያቄ ምንም ያልተገኘባቸውን ሰዎች አያያቸውም። ችሎት የሚመጣው የተገኘበት ብቻ ነው። በዚያ ማታ ጓሮ ውስጥ አራት ክፍሎች ተበርብረዋል፤ የሦስቱ ሰዎች ፍራሽ ተገልብጦ፣ ልጆቻቸው ከእንቅልፍ ተነስተው አልቅሰው፣ ምንም ስላልተገኘ መዝገብ ላይ የሉም። ስለ እነሱ መናገር የሚችል ሰው ቢኖር ስልኩ የተገኘባቸው እትዬ ብቻ ናቸው። የእሳቸው መቃወሚያ ካልተሰማ ያቺ ሰዓት፣ ያቺ ዝርዝር፣ ያ የጣት አሻራ ማንም ፊት አይቀርቡም።

እና ወንድሜ፣ መልሴ ይኸው። የዳኛ ፊርማ አለ ማለት ክርክር አለቀ ማለት አይደለም። ያ ዳኛ የፈረመው መርማሪው ብቻ ነግሮት ነው፤ አንተ አልነበርክም። አሁን ግን አለህ። መጀመሪያ ማዘዣውን በግልባጭ ጠይቅ፣ ማዘዣው የተጠየቀበትን ማመልከቻም ጭምር። ያ የ1954ቱ ሕግ ዳኛው ብርበራው ለፍትሕ ሥራ ይጠቅማል ብሎ ካላመነ አይስጥ ይላልና፣ ምን ተነግሮት እንዳመነ ማየት አለብህ። ከዚያ የቤቱን ቁጥር፣ የዕቃውን ስም፣ ሰዓቱን፣ ዝርዝሩን፣ የታዛቢውን ቃል አንድ በአንድ አስተያይ።

ደግሞ እኔ የተሳሳትኩትን አትሳሳት። እኔ ነገሩን የክስ መቃወሚያ አድርጌ በማይገባበት በር ይዤው ገባሁ። ያኔ የምንሠራበት ሕግ ትክክለኛውን በር አስቀምጦት ነበር፣ አንቀጽ 146 ላይ፤ ማስረጃው ሲቀርብ ተቃውሞ ከተነሳ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ይወስናል ይላል። ኤግዚቢቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ መርማሪው ምስክር ሆኖ ሲቆም፣ ያኔ ነው መነሳት። «ስንት ሰዓት ነበር? የማንን በር አንኳኳችሁ? ብሩን በየትኛው ትዕዛዝ ወሰዳችሁ?» ብሎ ከራሱ አፍ ማውጣት። በዚያ መንገድ ከሄድክ ማስረጃው ባይወድቅ እንኳ ክብደቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ያልተፈቀደ ነገር ተይዞም ከሆነ ሊመለስ ይችላል።

የእትዬ ጉዳይ ሰባት ወር ፈጀ። ስልኩ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ተቀበሉ የሚለው ስላልተረጋገጠ በነፃ ተሰናበቱ። ብሩም ማዘዣው ላይ የሌለ ነው ተብሎ እንዲመለስ ታዘዘ። ስለ ብርበራው ሕጋዊነት ፍርዱ የተናገረው አንድ መስመር ነው፤ «የተከሳሽ ጠበቃ ያነሱትን ፍርድ ቤቱ ተመልክቶታል» ይላል። ተመልክቶ ምን እንዳለ አይልም።

ብሩን ልንቀበል አብረን ሄድን። እትዬ እዚያው ቆመው ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፣ 18,400፣ አልጎደለም። የእቁቡን ቀሪ መዋጮ ሰባት ወር ሙሉ ተበድረው ሲከፍሉ እንደከረሙ የነገሩኝ ያኔ ነው። ከወራት በኋላ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ሰላም ልበላቸው ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። በሩ ዝግ ነበር፣ ገበያ ሄደዋል። የቆርቆሮው በር ላይ፣ ከዓይን ከፍታ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሰው በእጁ በቀይ ቀለም የጻፈው አለ፤ «ክፍል 3። የወይዘሮ…» ብሎ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው። የቀሩት ሦስት በሮችም ላይ እንደዚያው ተጽፏል።