ሸሚዙን የምትደጉመው እናታችን ናት

ክቡራን እንግዶች፣ የማኅበር መሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፍ ሳትጠግቡ የመጣችሁ እህቶቼ፣ እንኳን ለሜይ ዴይ በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሥራ ደኅንነት፣ ስለ ምርታማነትና ስለ መደራጀት እንድናገር ጠይቀውኛል። የቻልኩትን እነካካለሁ። የመጣሁት ግን ስለ ደሞዝ ልናገር ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ለእኛ «ሥራ መጣላችሁ» ተባልን። ለውጭ ባለሀብት ደግሞ «ርካሽ ጉልበት አለን» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት መነሻ ደሞዛችንን በወር 26 ዶላር አድርጎ አሰፈረው። የባንግላዴሽ 95፣ የቻይና 326 ነበር።

እስቲ አንድ ሸሚዝ አንስተን እንየው። ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው፣ በዓለም ዋጋ። ክሩም፣ ቁልፉም፣ የስፌት መኪናውም እንደዚያው። ሐዋሳ ስለገባ ዋጋው የሚወርድ ክር የለም። ታዲያ ርካሹ ምንድነው? እኛ ነን!

ኮሌታ ላይ ስሠራ አጠገቤ የምትሰፋ ልጅ ነበረች። ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ሁለቱ ፈረቃ ሲገቡ ሁለቱ እዚያው ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ደሞዟ ኪራይ ከፍላ፣ ሳሙናና ሞዴስ ገዝታ፣ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የምትበላው እናቷ የምትልከውን ነው። ዋሳ፣ ማለትም ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ፣ በሚኒባስ ይመጣላታል። ከፈረቃ ስትወጣ በቀጥታ መናኸሪያ ሄዳ ትቀበላለች። አንድ ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ሚኒባሱ ቀረ። ልጅቷ ኮሌታውን መርፌው ሥር እንደያዘች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ተሸክመን ክሊኒክ አደረስናት። ስንመለስ ሱፐርቫይዘሩ የጠየቀን ስለ እሷ አልነበረም። «ላይኑ ታርጌት ይሞላል ወይ?» ነው ያለን።

እናትየዋ እንሰቱን ተክላ፣ ለዓመታት ተንከባክባ፣ ፍቃ፣ ጉድጓድ ቀብራ አብላልታ ነው ያንን ዋሳ የምታወጣው። ደሞዙ ያልቻለውን ሆድ የሚሞላው እሱ ነው። እንግዲህ ባሕር ማዶ በቅናሽ የሚሸጠውን ሸሚዝ ማን ነው የሚደጉመው? የሲዳማዋ ገበሬ እናታችን ናት! ይህንን የሚጽፍ የሂሳብ መዝገብ የትም የለም።

ምርታማነታችሁ ዝቅ ያለ ነው ይሉናል። ያ ጥናት እኮ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያ ዓመታቸው በአማካይ ሠራተኛቸውን በሙሉ እንደሚቀያይሩ ጽፏል። ሙያ ሳይለምድ ርቦት የሚለቅ ሰው ምን ያመርታል?

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ብቻ። ባንግላዴሽ፣ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005። ሕንፃው ከተሰነጠቀ በኋላ ታች ያለው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። ልብስ ሰፊዎቹን ግን ግቡ አሏቸው። ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ።

ደሞዝ ይጨመር ስንል «ባለሀብቱ ጥሎ ይሄዳል» እንባላለን። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ፣ ስታስወጣን ትእዛዝ ቀርቶ ስንቶቻችን ተበተንን። ያኔ ደሞዛችን በዝቶ ነበር? አልነበረም!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝን በጥናት የሚከልስ የደሞዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል። ከመንግሥት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ቦርዱ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ንገሩን። የደሞዝ ወለሉም ሲወሰን ኪራይን፣ ምግብንና ትራንስፖርትን ቆጥራችሁ ወስኑ። የእናቶቻችንን ዋሳ ከሂሳቡ አውጡት።

አመሰግናለሁ።