ጣና ዳር የትምህርት ግቢ ብንሠራ፦ ሕንፃው የመጨረሻው ሥራ ነው

እሺ፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ጣና ዳር ነን። ድምፄ ውስጥ ነፋስ ከገባ ቻሉኝ፤ ቀን ቀን ሐይቁ ይነፍሳል። እንዲያውም ይሄን ነፋስ በኋላ እንፈልገዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች ከክፍል ወጥተው ስለ አካባቢያቸው የሚማሩበት ግቢ፣ ግን አካባቢውን ራሱን የማይጎዳ ግቢ፣ ባሕር ዳር ላይ ብንሠራ ምን ይመስላል? "ግቢ" ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሕንፃ ነው። መስታወት በመስታወት። ፊት ለፊቱ የተከረከመ ሣር። ሣሩ ላይ "መርገጥ ክልክል ነው"። ኧረ ወገን፣ ሣር ሳይረገጥ ምን የአካባቢ ትምህርት አለ?

እኔ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። በቅኔ ትምህርት ቤታቸው የታወቁት ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት ጎጃም ተቀምጦ ሩቅ መሄድ ያሳፍራል። የቅኔ ቤት አለ አይደል? እስቲ አስቡት። የኔታ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ተማሪው ይከባቸዋል። ቅኔውን ይዘርፋሉ፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈቱለታል። ከዚያስ? ከዚያማ ተማሪው ይበተናል። አንዱ ወይራ ሥር፣ አንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ ወንዝ ዳር። ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። ማታ ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል፣ ይታረማል። በቃ፣ ይሄ ነው! አብሮ መስማት፣ ብቻ መሆን፣ ተመልሶ መታረም። ለሦስቱም ቦታ አለ፤ ለሦስቱም ግድግዳ አላስፈለገም።

ማደሪያውስ? ተማሪው ራሱ የሚሠራት ጎጆ። እንጨት፣ ጭቃ፣ ሣር። እሱ ሲሄድ ሌላው ይገባባታል፤ የሚገባባት ከጠፋ ፈርሳ አፈር ትሆናለች። የሚጣል ፍርስራሽ የለም። መሃል ላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዙሪያውን ደኑ። አካባቢው ሁሉ ታርሶ አገር በቀል ዛፍ የተረፈው ብዙ ቦታ ላይ እዚያ አጸድ ውስጥ ነው። በጀልባ ዘጌ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ገዳማቱ ደን ውስጥ ናቸው፣ ቡናውም በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋል፤ በሬ ጠምዶ ማረስም በቆየ ልማድ ክልክል ነው። እንግዲህ የኔ ግቢ ይሄ ነው፦ ደኑ አስቀድሞ፣ ቤቱ በስተኋላ፣ ያውም ትንሽ። ቁራሽ ልመናውንና የመንደር ውሻውን አንቀዳም፣ አትስጉ። ምግብ ቤት ይኖረናል።

ወደ ግንባታው ልገባ ነበር። ግን ካለፈው ቪዲዮ ጀምሮ እየደጋገማችሁ የጻፋችሁልኝ ነገር አለ፤ ሳልናገር አላልፍም። "መጀመሪያ ዳሩ ላይ ያለው አረም ይመንጠርና ሐይቁ ይታይ፤ እምቦጭ አይደል እንዴ?"

አይደለም። ደግሜ ልበል? አይደለም!

ዳሩ ላይ ቆሞ የምታዩት፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጠው፣ አናቱ ላይ ጨብረር ያለው፣ ደንገል ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል። የአገሬው ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ጣና ላይ መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው።

(ምስል፦ እጅ ላይ የተያዘ የደንገል ዘንግ፣ በቅርብ)

እዩት። ዘንጉን በሁለት ጣቴ ላሽከረክረው ስሞክር ይይዘኛል። ጠርዝ አለው። ስቆርጠው፣ ያው፣ ሦስት ማዕዘን። አሁን ደግሞ የእምቦጩን ቅጠል መያዣ ልቁረጠው። ያበጠ ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ አየር ብቻ። የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ነፋስ ወደ ገፋው ይሄዳል። ደንገል ግን ሥሩን ጭቃ ውስጥ ተክሎ ይቆማል፤ ክረምት ላይ ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል ይይዛል፤ የዓሣ ጫጩት ይደበቅበታል። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚህ ደንገል መንጥሮ "የአካባቢ ትምህርት ቤት" የሚል ታፔላ መስቀል በእውነት ድፍረት ነው። "አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ" ለሚለኝም፣ እምቦጭም እኮ አረንጓዴ ነው።

ደንገሉ ይቆያል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም እሱው ነው፦ አንድ ዘንግ፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ ምላጭ። ይሄን ቪዲዮ "ይመንጠር" ላለው ጓደኛችሁ ላኩለት። ሰብስክራይብም አድርጉ እንጂ፣ በነጻ እያስተማርኩ!

በሉ ግንባታው፣ ቶሎ ቶሎ። ቦታ ለመምረጥ በግንቦት አትምጡ፤ ውሃው ያኔ ሸሽቶ ይሸውዳችኋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ የደረሰበትን አይታችሁ ከዚያም ራቁ። ጉማሬም ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ መታወቂያ አሳይቶ አይገባም። ቤቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይርዘም። ከተማችን በሐይቁ ደቡብ ስለሆነች ትልልቁ መስኮት ወደ ሰሜን፣ ቅድም ያልኩት ነፋስ እንዲገባ። ምዕራቡ ግድግዳ ላይ መስኮት ቆጥቡ። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ወጣ ያለ፤ ዝናቡ ጭቃውን እንዳያገኘው።

ውሃ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው፣ ይሄን ታውቃላችሁ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። 200 ካሬ ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶም፣ ከ200,000 ሊትር በላይ ይሰጣል። ችግሩ አብዛኛው በክረምት መውረዱ ነው። ስለዚህ አንድ ሮቶ ደርድሮ "ጨረስን" ማለት የለም፤ ከመሬት በታች ሰፊ ገንዳ ያስፈልጋል።

የቀረው ሽንት ቤቱ ነው። ሐይቅ ዳር የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ጉድጓድ ከቆፈራችሁ የጉድጓዱ ነገር ጣና ይገባል። መፍትሔው ሽንቱን ከሰገራው የሚለይ፣ አመድ የሚነሰነስበት ደረቅ ሽንት ቤት ነው። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ ለብቻው እናየዋለን። ምሳ እየበላችሁ አትክፈቱት።