90 ቢሊዮን ብርና ሁለት ጥንድ ጓንት
(አዳማ፣ በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ዳኛችንና የኮሚቴው አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ። ዳኛችን "አንቺ ጡረታ የወጣሽ ነርስ ነሽ፣ ስለ ጤና አስር ደቂቃ ትናገሪያለሽ" ሲሉኝ እሺ ብዬ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ጽፌ ነበር፣ ወረቀቱ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ግን ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ሳነበው ልቤ እምቢ አለኝ። ጨው ቀንሱ፣ በእግር ሂዱ የሚለውን ሬዲዮውም ይነግራችኋል። እኔ ዛሬ የማወራው አራት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ የቀረውን ነገር ነው።

የ2014 ህዳርን፣ የሰሜኑ ጦርነት የበረታበትን ወር፣ አስታውሱ። እዚሁ ግቢ፣ በእድሩ ብረት ድስት፣ በእድሩ ምጣድ ለዘማች ስንቅ ስናዘጋጅ ማን ቀረ? ገብስ ቆላን፣ በሶ አስፈጨን፣ ዳቦ ቆሎ ጠብሰን በየፌስታሉ ቋጠርን፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየንም፣ ጭሱ ዓይናችንን አጥፍቶት ነበር። ደሞዝተኛው ከደሞዙ ሰጠ፣ በግ ያለው በግ እየጎተተ መጣ። እኔም አብሬያችሁ ነበርኩ፣ አልጸጸትምም፣ የዘመቱት የእኛው ልጆች ናቸው፣ እነሱ እየራባቸው የማን ጉሮሮ እህል ያወርዳል?

በዚያው ሳምንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከእኛ አጥር ሦስተኛዋ ቤት ያለችው ልጅ ምጥ ይዟታል፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ባሏ ዘምቷል። (ፈቃዷን ጠይቄ ነው የማወራው፣ እዚሁ መሃላችሁ አለች።) በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የቱ ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፣ ተረኛዋ አዋላጅ ምንም ጥፋት የለባትምና፣ ባዶ እጇን ዘርግታ "ሲስተር፣ ጓንት ጨርሰናል፣ ከውጭ ገዝታችሁ ኑ" አለችኝ። በዚያ ሌሊት የቱ ፋርማሲ ክፍት ሆኖ? የባጃጁ ልጅ ተመልሶ ቤቴ ሄዶ አልጋዬ ስር ካለው ካርቶን ሁለት ጥንድ ጓንት ይዞ መጣ፣ ከስራ ስወጣ የተረፈኝ ነው። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ እልል ልንል ስንል ደሟ አልቆም አለ።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ ምንም ያልነበራትን ጤነኛ ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገላል። መድሃኒቱ ኦክሲቶሲን ይባላል፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ብልቃጥ ነው፣ ውድ አይደለም፣ እሱም አልቋል። አምቡላንሱስ ስል አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ አለ፣ ጎማ የለውም፣ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ቆሟል። እንደገና ባጃጅ ውስጥ ገባን፣ እኔ ከኋላ ተጣጥፌ ሆዷን ተጭኜ ማህፀኗ እንዲኮማተር በእጄ እያሸሁ፣ ባጃጁ ጉድጓድ ላይ በዘለለ ቁጥር እጄ ይንሸራተታል፣ መልሼ እይዛለሁ፣ "አትተኚ፣ አናግሪኝ፣ ልጅሽን ማን ልትይው ነው?" እያልኩ ሆስፒታል ደረስን። ተረፈች። የዛን ቀን የለበስኩትን ነጠላ ሦስቴ አጥቤዋለሁ፣ ደሙ አለቀቀም፣ እስካሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ወሊድ እኮ በዚህ አገር በነጻ ነው ተብሎ የተደነገገ ነው! ነጻ ማለት ጓንቱን እኛ፣ መርፌውን እኛ፣ ትራንስፖርቱን እኛ ከሆነ ነጻው የቱ ነው?

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁለት ወር ቆይቶ፣ ጥር 2014፣ ዜና ስሰማ ፓርላማው 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ አሉ፣ ከዚያ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ። ዓመቱ ሲጀመር ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ነበር። ለ2015 ደግሞ ከ786 ቢሊዮኑ ጠቅላላ በጀት 84 ቢሊዮን ተመደበለት። እኔ የሂሳብ ሰው አይደለሁም፣ ግን እናንተም እንደኔ ጠይቁ፣ ለጥይት ሲሆን በአንድ ስብሰባ 90 ቢሊዮን ይገኛል፣ ለጓንት ሲሆን "በጀት የለም፣ የሚቀጥለውን ዓመት ጠብቁ" ነው። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ደግሞ የወታደሩ በሶ ከእኛ ድስት ነው የሄደው! ታዲያ ብሩ የት ገባ? ብዬ ብጠይቅ ጥፋቴ ምንድን ነው?

እዚህ ያላችሁ ትልልቆቹ ደግሞ ይሄ አዲስ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። መስከረም 1977 ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ አዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ይከበር ነበር፣ ደርግ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ትልቅ ከሚባሉት ጦሮች አንዱን ይዞ ሕዝቡን ግን መቀለብ አቃተው። ግንቦት 1990 ላይ የባድመው ጦርነት ሲጀመር እኔ ገና ወጣት ነርስ ነበርኩ። የካቲት 1991 ሁለት የደሃ አገሮች፣ እኛ ሱ-27 በሚባል ጄት፣ ኤርትራ ሚግ-29 በሚባል ጄት፣ ሰማይ ላይ ተዋጉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1992፣ ጎዴ ላይ ህጻናት በረሃብና በኩፍኝ አለቁ። በኩፍኝ! ክትባት ባለው በሽታ! ጄት መግዛት የቻለ አገር ክትባት ማድረስ አቃተው። ቢሾፍቱን ሳልፍ የጄት ድምጽ በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ልጆች ናቸው የሚመጡብኝ።

አውቃለሁ፣ ከመሃላችሁ "ጠላት ቢመጣስ?" የሚል አለ። እኔ ጦር አይኑር አላልኩም፣ አገር ጠባቂ ያስፈልጋታል። ያልኩት ሌላ ነው፣ የእናት ደም ፈሶ ማለቁም ወረራ ነው፣ በየቀኑ የሚደርስ፣ ሰላም ሲወርድም የማይቆም። ሚያዝያ 1993 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገብተዋል፣ የእኛም አገር አለችበት፣ ያንን ቃል እዚህ ጤና ጣቢያ በር ላይ አላየሁትም።

ስለ ጤና መድኑም፣ በዓመት እየከፈልን መድሃኒት የለም ስለምንባለው ልናገር ነበር፣ ሰዓቱ ሄደ፣ ይቅር።

የዚያች ልጅ ባል አልተመለሰም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፣ የመጣው መርዶው ነው። ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን፣ አስከሬን በሌለበት ሦስት ቀን የተቀመጥነው እኛ ነን። ልጁ አራት ዓመት አልፎታል፣ ያ ከኋላ ወንበሩ ላይ የሚዘለው እሱ ነው። አባቱን ጦርነቱ ወሰደበት፣ እናቱም በአንድ ብልቃጥና በአንድ የመኪና ጎማ ምክንያት ልትሄድበት ነበር። ይሄን እያወቅሁ ስለ ጨው ላወራላችሁ አልችልም!

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል፣ ከዚያ በፊት ሰኔ ላይ በጀቱ ፓርላማ ይጸድቃል። እኛን ወክሎ እዚያ ለተቀመጠው ሰው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ አንድ ገጽ ነው፣ ለመከላከያ ስንት፣ ለጤና ስንት እንደተያዘ፣ የጤናው ብር ደግሞ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ስንቱ እንደሚደርስ ጠይቆ ይመልስልን ነው የሚለው፣ ስድብ የለበትም። በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጸሐፊያችን ታነብላችኋለች። መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ያሳርፍ፣ ቀለሙን አምጥቻለሁ።